በባህል አዳራሹ በር ላይ፦ የኤሌክትሪክ ጅረት ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ የሚመልሰውና የማይመልሰው

ለመነሻ ያህል አንድ ትዕይንት በዐይነ ኅሊናችን እንሳል። በሐዋሳ ከተማ በሚገኘው የሲዳማ ባህል አዳራሽ ሠርግ አለ እንበል። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይሰማል፣ እንግዶችም ተራ በተራ ይገባሉ። ከልጅ ልጃቸው ጋር የመጡ አንድ አረጋዊ ከመኪና ወርደው በዝግታም ቢሆን ደህና እየተራመዱ መግቢያው ድረስ ይመጣሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን እግሮቻቸው ከመሬት ጋር የተጣበቁ ይመስል ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። ከኋላ ሰው ይገፋል። «አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ ሰው እኮ እየጠበቀ ነው» ይላል የልጅ ልጃቸው እጃቸውን እየሳበ። አረጋዊው መግባት ይፈልጋሉ፤ መንገዱም ወለል ብሎ ይታያቸዋል፤ እግራቸው ግን አልታዘዝ ይላቸዋል።

እንደ ምንም ገብተው ከተቀመጡ በኋላም ፈተናው አያበቃም። የቀረበላቸውን ብርጭቆ ለመያዝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ያስቸግራቸዋል። ከጎናቸው የተቀመጡት የጥንት ወዳጃቸው በጫጫታው መካከል አንድ ነገር ይጠይቋቸዋል። መልሱን ያውቁታል፤ ዳሩ ግን አሳቡን አሰናድተው ለመናገር ጊዜ ይወስድባቸዋል። ወዳጃቸውም «እርጅና ነዋ!» ብለው ፊታቸውን ወደ መድረኩ ይመልሳሉ።

ትዕይንቱ ምናባዊ ነው። የተገለጹት ሦስት ችግሮች፣ ማለትም የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእግር መድረቅና የአሳብ መዘግየት ግን የብዙ የፓርኪንሰን ሕሙማን የዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ከ8.5 ሚሊዮን በላይ እንደሆነና ይህም በ25 ዓመታት ውስጥ በእጥፍ ማደጉን ገምቷል። በሌላ በኩል ደግሞ አንጎልን በኤሌክትሪክ በማነቃቃት ለዓመታት የተንቀጠቀጠ እጅ በደቂቃ ውስጥ ጸጥ ሲል የሚያሳዩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች በየስልካችን ይደርሱናል። ምስሎቹ እውነት ናቸው፤ ሙሉውን እውነት ግን አይናገሩም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ አንጎል ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሽቦ ለእኚህ አረጋዊ ከሦስቱ ችግሮች የትኛውን ያቃልልላቸዋል? የትኛውንስ አያቃልልላቸውም?

ሕመሙ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ የሚገልጽ ሲሆን፣ ከስድስቱ መካከል ጸሐፊው በመንገድ ላይ ብቻ ያያቸው ይገኙበታል። ገለጻው እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ፓርኪንሰን የሕሙማኑ የስሜት ሕዋሳትና የማሰብ ችሎታ እንደማይነኩ ጽፎ ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ ግን ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ለመታረምም ረጅም ጊዜ ወስዷል።

በአንጎላችን ግንድ የላይኛው ክፍል ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባል፣ በጥቁር ቀለሙ የሚለይ አካባቢ አለ። በዚያ የሚገኙት የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ያመርታሉ። ዶፓሚን እንቅስቃሴን ለመጀመር፣ መጠኑን ለመመጠንና ከአንዱ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያስፈልግ ነው። በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ወይም የእጅ መክበድ ሲታይ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት አስቀድመው አልቀዋል። ጉዳቱ በዚያም አይወሰንም፤ እያደር አሴቲልኮሊን የተባለውን ሌላ መልእክት አስተላላፊ የሚያመርቱትን ሕዋሳትና የአንጎልን ቅርፊት ይዳርሳል። ማቀድ፣ ትኩረትን መያዝ፣ እየተራመዱ መነጋገርና የመሳሰሉት ተግባራት የሚዳከሙት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የአረጋዊው እጅ፣ እግርና አሳብ የተጎዱት በአንድ ሕመም ቢሆንም ጉዳቱ ያረፈው በአንጎል ውስጥ በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከባቄላ እስከ ክኒን

ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ የራሱ ተግባር ያለው መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሳየ፤ በዚህም ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪች ከፓርኪንሰን ሕመም ጋር ኖረው ባረፉ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ አንሶ አገኘው። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም፤ ሌቮዶፓ የተባለው ጥሬ ዕቃው ግን ይሻገራል። ጆርጅ ኮትዚያስ እ.ኤ.አ. በ1967 መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ በመስጠት መራመድ ያቃታቸው ሰዎች ሲነቃቁ አሳየ። ሌቮዶፓ ዛሬም የሕክምናው ምሰሶ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ንጥረ ነገር ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1913 ሌቮዶፓን ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነበር። በእርግጥ በባቄላ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዝርያውና እንደ እሸትነቱ ስለሚለያይ ምግቡ መድኃኒቱን አይተካም፤ ባቄላ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ።

ክኒኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ከዓመታት በኋላ ግን የእያንዳንዱ ክኒን ኃይል ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ሕመምተኛው ከጥቂት ሰዓታት መልካም እንቅስቃሴ በኋላ ይደርቃል፤ ቀጣዩ ክኒን ሲደርስ ደግሞ ሰውነቱ ከፈቃዱ ውጭ ይወራጫል። የኤሌክትሪክ ሕክምና የተፈለገው ይህን መዋዠቅ ለማለዘብ ነው።

ኤሌክትሪክ በሕክምና ታሪክ

በሐዋሳ የሚኖር ሰው አምባዛን ሳያውቅ አይቀርም፤ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሁልጊዜ አለ። የሐዋሳው አምባዛ እጅ አይነዝርም። በባሮና በኦሞ ወንዞች ግን እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሩቅ ዘመዱ ይኖራል። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ኒኮላዎ ጎዲንሆ እ.ኤ.አ. በ1615 ስለ ሐበሾች በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኢትዮጵያውያን የሚነዝረውን ዓሣ ከሰው ላይ ሰይጣን ለማስወጣት ይጠቀሙበት እንደነበረ ጽፏል። ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ ደግሞ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለራስ ምታት የባሕር ኤሌክትሪክ ዓሣን አዝዞ ነበር። ከእነዚህ አንዱም የፓርኪንሰን ሕክምና አልነበረም። ሆኖም ከውጭ የመጣ ንዝረት በሰውነታችን ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ሊለውጥ ይችላል የሚለው ግምት የቆየ መሆኑን ያሳያሉ።

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ፣ በግሮኖብል ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ከባድ መንቀጥቀጥን የሚያክሙት ታላመስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ጥቂት በማቃጠል ነበር። ከማቃጠላቸው በፊት ትክክለኛው ቦታ ላይ መድረሳቸውን ለማረጋገጥ በኤሌክትሮድ ይነካኩታል። አሊም ሉዊ ቤናቢድ የምቱን ፍጥነት በሰከንድ ወደ 100 ገደማ ሲያደርሰው መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ጅረቱን ሲያቋርጠው ተመለሰ። ሐኪሙም ከባልደረባው ከፒየር ፖላክ ጋር ሆኖ «ታዲያ ማቃጠሉ ለምን ያስፈልጋል? ሽቦውን እዚያው ብንተወውስ?» ወደሚለው አሳብ ደረሰ። የተቃጠለ አንጎል አይመለስም፤ ጅረት ግን ሊጨመር፣ ሊቀነስ፣ ሊዘጋም ይችላል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ማህሎን ዴሎንግ እንቅስቃሴን የሚመሩትን የአንጎል መስመሮች በዝንጀሮዎች ላይ ያጠና ነበር። ለምርምሩ በር የከፈተለት አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ ወጣቶች የተበከለ ሰው ሠራሽ ዕፅ ወስደው በቀናት ውስጥ እንደ ፓርኪንሰን ሕሙማን ደረቁ። በካዩ ኬሚካል አማካይነት ሕመሙን በእንስሳት ላይ አስመስሎ ማጥናት ተቻለ። ዴሎንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰብታላሚክ ኒውክለስ የተባለችውን፣ ቅርጿ የምስር ፍሬ የሚመስል አነስተኛ የአንጎል ክፍል ሲያሰናክሉ የደረቁት ዝንጀሮዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ። የግሮኖብል ሐኪሞች ኤሌክትሮዱን ወደዚያች ክፍል በ1993 አሻገሩት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሕክምናውን ለፓርኪንሰን ሕመም በ2002 ፈቀደ፤ ቤናቢድና ዴሎንግም በ2014 የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ።

ሽቦው ምን ይሠራል?

ቀዶ ሐኪሙ በራስ ቅል ላይ አነስተኛ ቀዳዳ አበጅቶ 1.27 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤሌክትሮድ ወደ ታለመው ቦታ ያወርዳል። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ ይከናወናል፤ ሐኪሙ «እጅዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ» እያለ ውጤቱን እዚያው ያያል። ሽቦው ከቆዳ ሥር አልፎ በደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል። ባትሪውም በሰከንድ 130 ገደማ የሚሆኑ አጫጭር ምቶችን ሌት ተቀን ይልካል።

ይህ ጅረት ዶፓሚን አያመርትም፤ የሞቱትንም ሕዋሳት አያስነሣም። ታዲያ የሚረዳው እንዴት ነው? ወደ አዳራሹ እንመለስ። በአዳራሹ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ምት ሳያቋርጥ ቢያጨበጭብ መድረክ ላይ የቆመው ተናጋሪ አይሰማም። ድምፅ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዝቷል፤ መልእክት ግን ማለፊያ አጥቷል። ዶፓሚን ሲያንስ በእንቅስቃሴ መስመሮች ላይ ያሉ ሕዋሳት በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ በሚደጋገም ምት ከመጠን በላይ ይተባበራሉ። ጤናማ ሰው ለመራመድ ሲነሣ ይህ ጭብጨባ ጋብ ይላል፤ በሕመምተኛው ላይ ግን እንደበረታ ይቆያል። ሌቮዶፓም ሆነ ጅረቱ ጭብጨባውን ያረግባሉ። ጅረቱ የሚሠራበት መንገድ በዚህ ብቻ ባይወሰንም፣ የተዛባውን ምት ማቋረጡ ዋነኛው ማብራሪያ ነው። ይህ እውቀት ለአዲስ መሣሪያም መሠረት ሆኗል፤ የአንጎሉን ምት ራሱ እያዳመጠ ጅረቱን የሚያበረታና የሚያለዝብ ማነቃቂያ በአሜሪካ በ2025 ተፈቅዷል።

እጅ፣ እግር፣ አሳብ

አሁን ወደ ሦስቱ ችግሮች እንመለስ። እጅን በተመለከተ መልሱ አስደሳች ነው። መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተርና የእንቅስቃሴ መዘግየት ለጅረቱ በጎ ምላሽ ይሰጣሉ፤ የመድኃኒት መጠንም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በጀርመንና በፈረንሳይ 251 ሕሙማንን ያሳተፈና በ2013 የታተመ ጥናት፣ ጅረትን ከመድኃኒት ጋር ያገኙት ሰዎች የኑሮ ጥራት መለኪያ በ26 በመቶ እንደተሻሻለ፣ መድኃኒት ብቻ በወሰዱት ላይ ግን መሻሻል እንዳልታየ አሳይቷል። የእኚያ አረጋዊ ብርጭቆ ሳይፈስ ከአፋቸው ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

እግርን በተመለከተ መልሱ ሁኔታን የሚጠይቅ ነው። ሐኪሞች አንድ ጠቃሚ መመሪያ አላቸው፦ ከመንቀጥቀጥ በቀር ሌቮዶፓ የማያሻሽለውን ምልክት ጅረቱም በአብዛኛው አያሻሽለውም። አረጋዊው መድኃኒታቸው ሲሠራ በሩን ያለ ችግር የሚያልፉ ከሆነ ተስፋ አላቸው። መድኃኒቱ ሠርቶም እግራቸው የሚደርቅ ወይም ሚዛናቸውን የሚስቱ ከሆነ ግን ሽቦው ብዙም አይረዳቸውም። ለመራመድ የሚያገለግለውን የአንጎል ግንድ ክፍል ለማነቃቃት ከ2005 ወዲህ የተደረጉ ሙከራዎችም የተቀላቀለ ውጤት ነው የሰጡት።

አሳብን በተመለከተ መልሱ ከሁሉ የከበደ ነው። ሰብታላሚክ ኒውክለስን ማነቃቃት የማሰብ ችሎታን አያድስም። እንዲያውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በርካታ ቃላትን የመጥራት ፍጥነት መቀነሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማስታወስና የማቀድ ችሎታን ይመረምራሉ፤ የመርሳት ሕመም የጀመረውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም። አሴቲልኮሊን የሚያመርተውን ክፍል ለማነቃቃት በለንደን ስድስት ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ በ2018 ውጤቱ ታትሟል፤ በማሰብ ፈተናዎች ላይ የታሰበው መሻሻል አልተገኘም። ቀደም ብለን ልብ እንበል ያልነው እዚህ ላይ ይታወሳል። ጅረቱ የሚደርሰው ወደ አንድ የምስር ፍሬ ነው፤ ሕመሙ ግን ማሳውን ሁሉ አዳርሷል።

ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ በማግኔት አንጎልን ማነቃቃትም አለ፤ መሣሪያውን አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ፣ በሼፊልድ እ.ኤ.አ. በ1985 አስተዋወቁት። ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ለድብርት ሕክምናም ይውላል። በፓርኪንሰን ሕሙማን እንቅስቃሴ ላይ የሚያሳየው ለውጥ ግን መጠነኛና ጊዜያዊ ሲሆን፣ ለማሰብ ችሎታ ያለው ጥቅም ገና አስተማማኝ ማስረጃ ይፈልጋል።

ጉዳትም አለው። ከመቶ ሰዎች በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በአንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፤ የቁስል ማመርቀዝ፣ የንግግር መጎላደፍና የስሜት መለዋወጥም ያጋጥማል።

በአገራችን

የእኛን ሁኔታ ለመረዳት ከሐዋሳ ብዙ የማይርቀውን የቡታጅራን አካባቢ ማስታወስ ይበቃል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያ ቤት ለቤት ባደረጉትና በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት 60,820 ሰዎች ታይተዋል። የፓርኪንሰን ሕመም ከ100,000 ሰዎች በሰባቱ ላይ ተገኘ፤ ይህም ከተጠኑት መካከል አራት ሰዎች ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ከአውሮፓው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሕዝባችን ወጣት መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ሳይታወቅ የሚቀረው ሕመምተኛ ነው። በታንዛኒያ ሀይ ወረዳ ተመሳሳይ የቤት ለቤት ጥናት ሲደረግ አብዛኞቹ ሕሙማን ከዚያ በፊት ሕመማቸው ተለይቶ አልታወቀም ነበር። «እርጅና ነዋ!» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው ሸሽጋለች።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምናና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠናዎችን በ2006 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ የባለሙያዎች ቁጥር አድጓል። ወይዘሮ ክብራ ከበደ ከሕመሙ ጋር እየኖሩ ያቋቋሙት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅትም ሕመሙ ስም እንዲኖረው አድርጓል። ይሁን እንጂ ለሽቦው ሲሉ ቤት ንብረት ሸጠው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ቤተሰቦች ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን አራት ጥያቄዎች እንዲጠይቁ እንመክራለን። ሕመሙ በእርግጥ ፓርኪንሰን ነውን? ሌቮዶፓ በበቂ መጠን ተሞክሮ የትኛውን ምልክት አሻሻለ? የማስታወስ ችሎታው ተመርምሯልን? ከተመለሱ በኋላስ ጅረቱን ማን ያስተካክለዋል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ጅረቱ በወራት ክትትል ነው የሚስተካከለው፤ ቻርጅ የማይደረገው ባትሪም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ይቀየራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መሠረቱ ክኒኑ ነው። ሌቮዶፓ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በየወሩ ሳይቆራረጥ የሚገኝ ሌቮዶፓ አንድ ሕመምተኛ ከሚያገኘው ሽቦ ይልቅ ለብዙዎች ይደርሳል። በኋላ ጅረቱ ይጠቅመው እንደሆነ ለማወቅም በቅድሚያ ክኒኑ መሞከር አለበት።

እስከዚያው ድረስ

ሽቦ በሌለበትም ቢሆን አንጎልን የሚቀሰቅስ ነገር አለ። እግሩ የደረቀ ሕመምተኛ በወለሉ ላይ የተሰመረ መስመር ወይም ከፊቱ የቀረበ የሰው ጫማ ሲያይ፣ አልያም የሚደጋገም ምት ሲሰማ ብዙ ጊዜ መራመድ ይችላል። ከውስጥ የሚመጣው የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ሲዳከም ዐይንና ጆሮ ሌላ መንገድ ይከፍቱለታል። የነርቭ ሕክምናና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይህን ዘዴ በሥራ ላይ ያውሉታል። ቄጣላ ሲጨፈር ያየ ሰው ምት ለእግር ምን ያህል መሪ እንደሚሆን ማብራሪያ አያሻውም።

እንግዲህ የልጅ ልጁ በአዳራሹ በር ላይ እጅ መሳብ አልነበረበትም፤ መሳብ ሚዛን ያስታል። ማድረግ የሚገባው ከኋላ የሚገፋውን ሰው ማስታገሥ፣ ጫማውን ከአያቱ እግር ፊት አቅርቦ «አባባ፣ ይቺን ይሻገሯት» ማለት፣ ወይም ከከበሮው ጋር «አንድ፣ ሁለት» እያለ መቁጠር ነበር። ወዳጃቸውም ጥያቄያቸውን ጠይቀው ጥቂት ቢታገሡ መልሱን ይሰሙ ነበር። በማግስቱ ደግሞ አረጋዊውን ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ የነርቭ ሐኪም፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ትሆናላችሁ። ጅረቱ እጅን ማሳረፍ ችሏል፤ የእግሩ ጥያቄ በከፊል ተመልሷል፤ የአሳቡ ጥያቄ ግን ገና ተመላሽ ይጠብቃል። እስከዚያው ድረስ በየአዳራሹ በር ላይ ቆመው የሚቀሩትን አረጋውያን ስናይ «እርጅና ነው» ብለን እንዳናልፍ አደራ እንላለን።